ካልቸር እስኪደርስ፦ በግራም ስቴይን ስላይድ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ መምረጥ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። ድንገተኛ ክፍል አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ገብቷል። ትኩሳት አለው፣ ራሱን በኃይል ያመዋል፣ አንገቱ አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሟ ከጀርባው ፈሳሽ ቀድታ ቱቦውን ወደ ብርሃን ስታነሳው የሩዝ ውሃ መስሏል። ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ አስጀምራለች። ከዚያ ወደ ላብራቶሪ ትደውላለች፦ «ወንድሜ፣ ካልቸሩ ይደርሳል፤ ግራሙን ግን አሁኑኑ እይልኝ።»

ልክ ናት። ካልቸር (ባክቴሪያውን ሳህን ላይ አብቅሎ መለየት) ፈጠነ ቢባል በማግስቱ ነው የሚደርሰው። ሴንሲቲቪቲው (የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚመታ የሚታይበት ምርመራ) ሲጨመርበት 2 ወይም 3 ቀን ይሆናል። ግራም ስቴይን (ናሙናውን ስላይድ ላይ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት) ግን ናሙናው እጃችን ከገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በዚያ ሌሊት ስለ ባክቴሪያው በዓይን የምናየው ማስረጃ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለሐኪሞችና ለጤና መኮንኖች፣ በዋርድ ለሚሠሩ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ነው። ታማሚ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ የምታነቡም ትኖራላችሁ። ለእናንተ ሐኪሙ ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት መጀመር ለምን እንደማይወድ ያስረዳችኋል እንጂ መድኃኒት በራሳችሁ ለመምረጥ አይሆንም።

ዝርዝሩ ውስጥ ሳልገባ ዋናውን ሐሳብ ላስቀድም። ስላይድ ላይ ያየነው ነገር መድኃኒት ለመጨመር ወዲያው ይበቃል። መድኃኒት ለመቀነስ ግን ሌላ ማስረጃም ይፈልጋል። ያላየነው ነገር ደግሞ መድኃኒት ለማቆም በጭራሽ አይበቃም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ቀለሙ ለምን ስለ መድኃኒት ይናገራል?

ዘዴውን ያገኘው ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ነው። ዘመኑ 1884 ነው፣ ቦታው በርሊን። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን የሳንባ ሥጋ እየቀባ ሲመረምር አንዳንዱ ባክቴሪያ በአልኮል ቢታጠብም ቀለሙን አልለቅም አለ። ሌላው ለቀቀ። ግራም ራሱ ዘዴው ገና ጉድለት እንዳለው ጽፎ ነው ያሳተመው። ዛሬ መጨረሻ ላይ የምንጨምረው ሮዝ ቀለም ከሱ በኋላ የመጣ ነው።

ልዩነቱ ያለው የባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ነው። ግራም ፖዘቲቭ የምንላቸው ወፍራም ግድግዳ አላቸው። ክሪስታል ቫዮሌትና አዮዲን ተጣምረው ከገቡ በኋላ እዚያው ታስረው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል። ግራም ኔጌቲቮች ግድግዳቸው ስስ ነው። ከላዩ ግን ቅባት ያለበት ሌላ ሽፋን ደርበዋል። አልኮሉ ይህን ሽፋን ያሟሟዋል፣ ቀለሙም ይወጣል። ከዚያ ሳፍራኒኑ ሮዝ ያደርጋቸዋል።

ይኸው ግድግዳ የመድኃኒት በርም ነው። ቫንኮማይሲንን ውሰዱ። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ የግራም ኔጌቲቮችን የውጭ ሽፋን ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ስላይዱ ላይ ሮዝ ዘንጎች እየታዩ ታማሚው ቫንኮማይሲን ብቻ እየወሰደ ከሆነ፣ ለዚያ ባክቴሪያ ምንም አልተሰጠውም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ 3 ቀን መጠበቅ የለብንም።

ስላይዱ የማያሳየውንም ከአሁኑ እንወቅ። የቲቢ ባክቴሪያ በግራም በደንብ አይቀባም፤ ለሱ ዚል ኒልሰን ወይም ጂን ኤክስፐርት የሚባሉ ሌሎች ምርመራዎች አሉ። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የለውም። ክላሚዲያ ሴል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። የቂጥኝ ባክቴሪያ በጣም ቀጭን ስለሆነ አይታይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስላይድ የመድኃኒት መላመድን (ባክቴሪያው መድኃኒቱን መቋቋሙን) አያሳይም። ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ስታፍና (ስታፊሎኮከስ) ያልተላመደ ስታፍ በማይክሮስኮፕ ሥር መንታ ናቸው። ሴፍትሪያክሶን የሚሰብር ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያና የማይሰብረውም እንደዚሁ።

ደረጃ 1፦ ናሙናው

ስላይድ ከናሙናው አይሻልም። የሚቻል ከሆነ ናሙናው ከመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ዶዝ በፊት ይወሰድ። ነገር ግን ማጅራት ገትር ወይም ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ከተጠረጠረና ናሙናው የሚዘገይ ከሆነ መድኃኒቱ ይቅደም። ታማሚን ለስላይድ ብሎ ማስጠበቅ አይገባም። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላም ቢሆን ካልቸር ላይ የማይበቅሉ ባክቴሪያዎች ስላይድ ላይ ለሰዓታት ሊታዩ ይችላሉ።

የጀርባ ፈሳሽ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ማኒንጎኮከስ (አንዱ የማጅራት ገትር ባክቴሪያ) ብርድ አይችልም፤ ካልቸሩ ይበላሻል። ሽንት ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ ፍሪጅ ይግባ። አለበለዚያ ባክቴሪያው እዚያው ይራባና ያሳስተናል። አክታ ሲሆን ታማሚው አፉን በውሃ ተጉመጥሙጦ ከደረቱ ስቦ እንዲያወጣ በደንብ አስረዱት። ምራቅ አክታ አይደለም። ቁስል ከሆነ መጀመሪያ ላዩን በሴላይን አጥቡት። በመርፌ የተቀዳ መግል ወይም ትንሽ የሥጋ ቁራጭ ከስዋብ (በጥጥ ከተጠረገ ናሙና) እጅግ ይሻላል። ስዋብ ብቻ ካለ ሁለት ውሰዱ፤ አንዱ ለካልቸር፣ አንዱ ለስላይድ።

የሪኩዌስት ወረቀቱን እባካችሁ ሙሉት። «ግራም ስቴይን» ብሎ መላክ ብቻ በቂ አይደለም። ዕድሜው፣ ምን እንደተጠረጠረ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ይጻፍ። የላብራቶሪ ሰው አራስ ልጅ መሆኑን ካወቀ ዓይኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ስሚሩ (ስላይድ ላይ የሚቀመጠው ናሙና)

አዲስና ንጹሕ ስላይድ ተጠቀሙ፤ በተለይ ለጀርባ ፈሳሽ። ታጥቦ የተመለሰ ስላይድ ላይ የድሮ ባክቴሪያ ሬሳ ሊኖር ይችላል፣ እሱም ይቀባል።

የጀርባ ፈሳሹ ከ1 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ሴንትሪፊውጅ አድርጉትና ከታች ከተቀመጠው ሥሩ። ካነሰ እንዳለ ይሠራል። ጠብታውን አትዘርጉት። ስላይዱ ላይ አኑሩት፣ ይድረቅ፣ በላዩ ሌላ ጠብታ ጨምሩ። ሳስቶ ከተዘረጋ ጥቂቶቹ ባክቴሪያዎች በሰፊ ሜዳ ላይ ይበተኑና ይጠፉብናል። አክታና መግል በተቃራኒው ነው፤ ስስ ሆነው ይዘርጉ። ከስሚሩ ሥር የተቀመጠ ጋዜጣ ለማንበብ የሚያስችል ያህል ቢሳሳ ጥሩ ነው። ከአክታው መግል የሚመስለውን ወይም ደም የነካውን ክፍል ምረጡ እንጂ አረፋውን አትውሰዱ።

በአየር ይድረቅ። እርጥቡን እሳት ላይ ማድረግ ሴሎቹን ይቀቅላል። ከደረቀ በኋላ ሜታኖል ካለ በሜታኖል አጽኑት፤ ነጭ የደም ሴሎቹን ቅርጻቸውን ይጠብቃል። ከሌለ ስላይዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በነበልባል ላይ አሳልፉት። የእጃችሁ ጀርባ ላይ ሲነካ ሞቅ ማለት አለበት እንጂ ማቃጠል የለበትም።

ደረጃ 3፦ ማቅለም

1. ክሪስታል ቫዮሌት አልብሱት፣ 1 ደቂቃ። በቀስታ በውሃ እጠቡ።
2. የግራም አዮዲን፣ 1 ደቂቃ። እጠቡ።
3. አሴቶን አልኮል፣ ከ2 እስከ 5 ሰከንድ። 95 በመቶ አልኮል ብቻ ካላችሁ ረዘም ይላል፤ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ገደማ፣ የሚወርደው ፈሳሽ እስኪጠራ። ወዲያው በውሃ አስቁሙት።
4. ሳፍራኒን፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ። እጠቡ፣ ስላይዱን አቁማችሁ አድርቁ። በሶፍት አትሹት።

ሦስተኛውን ቁጥር እንደገና አንብቡት። ስህተት የሚበዛው እዚያ ነው። ብዙ ካጠብን ግራም ፖዘቲቩ ሮዝ ይሆናል። ጥቂት ካጠብን ግራም ኔጌቲቩ ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ስህተት ታማሚውን የተሳሳተ መድኃኒት ላይ ይጥሉታል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዚህ ተሳስቻለሁ። ወፍራም የመግል ስሚር ነበር። ቸኩዬ አጠብኩት፣ ወይን ጠጅ ነገሮች አየሁ፣ «ግራም ፖዘቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሳህኑ ላይ የበቀለው ግራም ኔጌቲቭ ነበር። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ስላይዱን መልሰው አዩና «የነጭ ሴሎቹን ኒውክሊየስ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ኒውክሊየሱም ወይን ጠጅ ነበር። ስላይዱ ገና በደንብ እንዳልታጠበ ራሱ እየነገረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላይ አንድም ውጤት አልጽፍም። የኒውትሮፊል (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ኒውክሊየስ ሮዝ መሆን አለበት። ወይን ጠጅ ከሆነ ስላይዱ አልታጠበም፤ ያ ቦታ አይነበብም። ሳሳ ያለ ቦታ ፈልጉ ወይም እንደገና ቀቡ። ይህ ቁጥጥር ገንዘብ አያስወጣም፣ በእያንዳንዱ ስላይድ ላይም አለ። ከሱ በተጨማሪ የታወቀ ስታፍ አውሪየስና የታወቀ ኢ ኮላይ አንድ ስላይድ ላይ አብራችሁ ቀብታችሁ ቀለሞቹን ፈትኑ፤ በተለይ አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት።

ደረጃ 4፦ ማንበብ

በቀጥታ ወደ ዘይት ሌንሱ አትሂዱ። በ10ሩ ሌንስ ጀምሩ። ነጭ የደም ሴል የበዛበትን፣ ሳሳ ብሎ የተዘረጋውን ቦታ ፈልጉ። አክታ ከሆነ ፍርዱ እዚህ ነው። በአንድ ፊልድ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ በሚታይ ቦታ) ከ10 በላይ ስኳመስ ኤፒተልያል ሴሎች (የአፍ ሽፋን ሴሎች) ካሉ የአፍ ምራቅ ነው፤ ሌላ ናሙና ጠይቁ። ከ10 በታች ሆነው ነጭ የደም ሴሎቹ ከ25 በላይ ከሆኑ ከሳንባ የመጣ መሆኑን ማመን ይቻላል። ጥራት የሌለውን አክታ አንብቦ «ግራም ፖዘቲቭ ኮካይ» (ወይን ጠጅ ክብ ባክቴሪያ) ብሎ መላክ ከዝምታ ይከፋል። የሁላችንም አፍ በእነሱ የተሞላ ነው።

ከዚያ ዘይት ጨምራችሁ በ100ው እዩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀለሙ ነው፣ ሁለተኛው ቅርጹ፣ ሦስተኛው አደራደሩ። እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቧል? እንደ መቁጠሪያ ተሰክቷል? ጥንድ ጥንድ ነው? አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ባክቴሪያው ከነጭ ሴሎቹ ጋር ነው? ውስጣቸው ገብቷል? በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ መግል ይዞ ይመጣል።

ምንም የለም ከማለታችሁ በፊት ቢያንስ 20 ፊልድ እዩ። የጀርባ ፈሳሽ ከሆነ ስሚሩን በሙሉ። ምክንያቱም ባክቴሪያ በስላይድ በደንብ የሚታየው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 100,000 ሲጠጋ ነው። ከ1,000 በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠናል።

የሚያሳስቱንን ነገሮችም ልጥቀስ። የደረቀ ክሪስታል ቫዮሌት ፍርፋሪ ኮካይ ይመስላል፤ መጠኑ ግን የተዘበራረቀ ነው፣ ሌንሱን ስታነሱና ስታወርዱ ከሴሎቹ በላይ ይገኛል። አሲኔቶባክተር ግራም ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ ወይን ጠጁን አልለቅም ሊል ይችላል። አንቲባዮቲክ የነካው ባክቴሪያ ያብጣል፣ ይረዝማል፣ ግራም ፖዘቲቩም ቀለሙን ይጥላል። መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ ያልኩት ለዚህም ነው።

ደረጃ 5፦ መናገር

ያያችሁትን ጻፉ፣ የገመታችሁትን አይደለም። «ብዙ ነጭ የደም ሴሎች፤ ብዙ ግራም ኔጌቲቭ ዲፕሎኮካይ፣ በሴል ውስጥና ውጭ» ጥሩ ሪፖርት ነው፤ ዲፕሎኮካይ ማለት ጥንድ ጥንድ ክቦች ናቸው። «ማኒንጎኮከስ» ብሎ መጻፍ ግን ከስላይዱ በላይ መናገር ነው።

ከጀርባ ፈሳሽና ከደም ካልቸር ጠርሙስ የተገኘ ፖዘቲቭ ውጤት ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳጥን ውስጥ አይደር። ስልክ ይደወል። ለማን እንደተነገረና ሰዓቱ ይመዝገብ፤ ሰሚውም መልሶ ያንብበው። በአፍ የተነገረ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» በስልክ በቀላሉ ይምታታል። ሐኪሞችም ብትሆኑ መጠበቅ ብቻ አይደለም ሥራችሁ። ላብራቶሪው በእግር 3 ደቂቃ ከሆነ ሂዱና አብራችሁ እዩ። ስለ ታማሚው እዚያ የምትናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር የንባቡን አቅጣጫ ይለውጣል።

ደረጃ 6፦ ከቅርጽ ወደ መድኃኒት

የጀርባ ፈሳሽ። በዝርዝር የምቆየው እዚህ ነው፤ ስላይድ ትልቁን ዋጋ የሚሰጠው እዚህ ስለሆነ።

ሮዝ ጥንዶች፣ ጠፍጣፋ ጎናቸው ፊት ለፊት የተያየ፣ እንደ ሁለት የቦሎቄ ፍሬ፦ ማኒንጎኮከስን አስቡ። ሴፍትሪያክሶን በትክክል ይመታዋል፤ ለአዋቂ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ። በጥንቃቄ ተብሎ ቫንኮማይሲንና አምፒሲሊን ተጨምረው ከነበረ፣ ምስሉ ግልጽ ከሆነና ከታማሚው ሁኔታ ጋር ከተስማማ ማቆም ይቻላል። ይህ ስላይድ መድኃኒት ለመቀነስ ከሚረዳባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ሥራው ግን እዚያ አያበቃም። ታማሚው ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይለይ። አብረውት የሚያድሩና የሚበሉ ሰዎች መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። የመግቢያችን ተማሪ ዶርም ውስጥ የሚኖር ከሆነ የክፍል ጓደኞቹ ካልቸር እስኪበቅል መጠበቅ የለባቸውም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። አንድ ስላይድ የወረርሽኝ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላልና ለበሽታ ቅኝት ባለሙያዎች ወዲያው ይነገር።

ወይን ጠጅ ጥንዶች፣ ጫፋቸው ሾል ያለ፦ ኒሞኮከስ (የሳንባ ምችም የማጅራት ገትርም ባክቴሪያ)። እዚህ ላይ የመጨመር ውሳኔ አለ። ሴፍትሪያክሶንን የተላመደ ኒሞኮከስ በሚያሰጋበት ቦታ ሴንሲቲቪቲው እስኪደርስ ቫንኮማይሲን ይጨመራል።

ወይን ጠጅ አጫጭር ዘንጎች፦ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ «የቆዳ ኮንታሚኔሽን (ብክለት) ነው» ተብሎ ይታለፋል። ታማሚው አራስ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከ50 ዓመት በላይ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ ግን ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሴፍትሪያክሶን ሊስቴሪያን አይነካውም። አምፒሲሊን በዚያች ሰዓት መጨመር አለበት፤ ለአዋቂ 2 ግራም በየ4 ሰዓቱ። ሊስቴሪያ አንዳንዴ አጥሮ ጥንድ ሆኖ ኒሞኮከስን ይመስላል። ስለዚህ በእነዚህ ታማሚዎች ወይን ጠጅ ጥንድ ብታዩም አምፒሲሊኑን አታንሱ።

ትናንሽ ሮዝ ኮኮባሲሊ (በክብና በዘንግ መካከል ያሉ)፣ ደብዘዝ ያሉ፣ ቅርጻቸው የተለያየ፦ ሄሞፊለስ። በሴፍትሪያክሶን ይታከማል። ሮዝ ዘንጎች በአራስ ልጅ ወይም የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ሰው ከታዩ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚኖሩት ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ይታሰባሉ፤ ሴፍትሪያክሶን አይበቃም። እንደ ሆስፒታሉ የመላመድ ሁኔታ ሴፍታዚዲም ወይም ሜሮፔኔም ይመረጣል።

የደም ካልቸር ጠርሙስ። ጠርሙሱ ፖዘቲቭ ሲል ከውስጡ ስሚር ይሠራል። ወይን ጠጅ ዘለላ ካያችሁ ስታፍ ነው፤ ግን የትኛው? አውሪየስ ነው ወይስ የቆዳው? ከሁለት ጠርሙስ በአንዱ ብቻ ከበቀለና ታማሚው ደህና ከሆነ የቆዳው ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ከሆነ ወይም ታማሚው ከታመመ እንደ አውሪየስ ያዙት። ሜቲሲሊንን የተላመደው የሚያሰጋ ከሆነ ቫንኮማይሲን ይጀመር። ያልተላመደ መሆኑ ሲረጋገጥ ወደ ክሎክሳሲሊን ይቀየር፤ ለዚያኛው ክሎክሳሲሊን ከቫንኮማይሲን ይሻላል። ወይን ጠጅ ሰንሰለት ከሆነ ስትሬፕ ወይም ኢንቴሮኮከስ ነው። ኢንቴሮኮከስ በተፈጥሮው ሴፍትሪያክሶንን አይፈራም፤ አምፒሲሊን መጨመር ይታሰብ።

ሮዝ ዘንግ በደም ውስጥ ኮንታሚኔሽን ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። በተለይ አራስ ልጆች ላይ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 አገሮች የተደረገው የባርናርድስ ጥናት በአራሶች ሴፕሲስ ዋናው ባክቴሪያ ክሌብሲየላ መሆኑንና ብዙዎቹ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲንን መላመዳቸውን አሳይቷል። እንዲህ ዓይነት ስላይድ ሲደወልላችሁ ልጁ በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ላይ እያለ ካልተሻለው ጠዋትን አትጠብቁ። ሊቀየር እንደሚገባ አሁኑኑ ከሕፃናት ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። የሚያቆጠቁጥ ትልቅ ወይን ጠጅ እርሾ ከታየ ደግሞ ፈንገስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ በደም ውስጥ ደግሞ በፍጹም አይናቅም።

ሽንት። ሴንትሪፊውጅ ያልተደረገ፣ በደንብ የተቀላቀለ አንድ ጠብታ ይድረቅና ይቀባ። በእያንዳንዱ የዘይት ፊልድ 1 ወይም ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ካለ በ1 ሚሊ ሊትር 100,000 ገደማ አለ ማለት ነው። ሮዝ ዘንግ ከሆነ የሚጠበቀው ነው። ወይን ጠጅ ሰንሰለት ከሆነ ኢንቴሮኮከስን አስታውሱ።

አክታ። ከላይ እንዳልኩት ጥራቱ ካለፈ ብቻ። አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ላሉ ታማሚዎች ግን ከሳንባ የተሳበ ፈሳሽ ስላይድ ትልቅ ረዳት ነው። ጃፓን ውስጥ በ12 አይሲዩዎች፣ በ206 ታማሚዎች ላይ የተሠራና በ2022 የወጣ ጥናት አለ። ግማሾቹ ሱዶሞናስንና የተላመደውን ስታፍ የሚመቱ ሁለት ሰፋፊ መድኃኒቶችን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ደግሞ ግራም ስቴይኑ ባሳየው መሠረት። ፈውሱ አላነሰም። ለሱዶሞናስና ለተላመደው ስታፍ የሚሰጡት ውድ መድኃኒቶች ግን በግልጽ ቀነሱ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሆስፒታሎች ታማሚውን በየቀኑ የሚከታተሉና ካልቸሩን አስከትለው መድኃኒቱን የሚያስተካክሉ ናቸው። ይህ በሌለበት መድኃኒት መቀነስን ብቻ መቅዳት አደጋ አለው።

ቁስል። እግሩ ያበጠ፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ቁስል ያለው ሰው ስላይድ ላይ ወፋፍራም ወይን ጠጅ ዘንጎች ታይተው ነጭ ሴል ጥቂት ከሆነ፣ ክሎስትሪዲየም ነው ብላችሁ ተነሱ። ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን ይሰጣል፣ ግን ከሁሉ በፊት ቀዶ ሐኪም ይጠራ።

የወንድ ብልት ፈሳሽ። ነጭ ሴል ውስጥ የገቡ ሮዝ ጥንዶች ጨብጥ ናቸው። ምልክት ባለው ወንድ ላይ ስላይዱ በጣም አስተማማኝ ነው። በሴቶች የማሕፀን ጫፍ ናሙና ግን ግማሽ ያህሉን ያመልጣል፤ ስለዚህ አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም። በሁለቱም ክላሚዲያ አይታይምና ሕክምናው እሱንም ያካትት።

ደረጃ 7፦ ምንም ካልታየ

«ባክቴሪያ አልታየም» የሚለው ወረቀት ከሁሉ በላይ በስህተት የሚነበበው ነው። የጀርባ ፈሳሹ ደፍርሶ፣ ነጭ ሴሉ በሺዎች ሆኖ፣ ስላይዱ ባዶ ከሆነ ታማሚው አሁንም ማጅራት ገትር አለበት። አስቀድሞ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ተወግቶ ሊሆን ይችላል። አስታማሚዎቹን በትዕግሥት ጠይቁ፤ ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሳሲሊንን ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። ሕክምናው ይቀጥል። ነጭ ሴሎቹ በብዛት ሊምፎሳይት ከሆኑና ሕመሙ ሳምንታት ካስቆጠረ ቲቢንና ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ ፈልጉ። ለነሱ የሚሆነው ምርመራ ሌላ ነው።

ደረጃ 8፦ ካልቸሩ ሲደርስ

ስላይዱን አትጣሉት። ዘይቱን አጽዱና በቀን ለይታችሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ካልቸሩ ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ስላይዱ ላይ የነበረው ሳህኑ ላይ ካልበቀለ፣ መድኃኒት የነካው ነው ወይስ አየር የማይወድ ባክቴሪያ ነው? ሳህኑ ላይ የበቀለው ስላይዱ ላይ ካልነበረ፣ ጥቂት ነበር ወይስ አልፈነው? ስላይዱን አውጡና ሁለት ሰው ሆናችሁ መልሳችሁ እዩት። የተሳሳተ ሪፖርት ሄዶ ከሆነ ለዋርዱ ዛሬውኑ ይደወል፣ የታረመው ይላክ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይም እርማቱ ይጻፍበት።